ከሆስፒታል የወጣ በሽተኛ በቤቱ ስለሚደረግለት አያያዝ፤ በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 6

በሽተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተ ሰቡ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ቡና ያፈላል፤ ጎረቤቱም እንኳን አተረፈህ ለማለት ይሰበሰባል። ደስታው የሚገባ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያሰናብተው ሁልጊዜ ፈጽሞ ስለ ዳነ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የቀረው መዳን በቤት ሊፈጸም የሚችል ስለ ሆነ ነው። የተሰፋው ቍስል ገና አልጠበቀም፤ መድኃኒቱ አላለቀም፤ ጕልበቱም አልተመለሰም። በሆስፒታል ሳለ ነርሷ በየሰዓቱ ትመለከተው የነበረውን ትኵሳት፤ ቍስልና መድኃኒት ከዚያች ቀን ጀምሮ የምትመለከተው ሚስቱ ወይም እናቱ፤ አንዳንድ ጊዜም ገና ትምህርት ቤት የምትሄድ ሴት ልጁ ናት። ሥራው ከነርሷ ወደ እርሷ የሚተላለፈው በአንዲት ቍራጭ ወረቀትና በጥቂት ቃል ነው። ብዙ በሽተኞች ተመልሰው የሚታመሙት በዚሁ መተላለፊያ ላይ አንድ ነገር ሲጐድል ነው።

ካርቲየ 6 በቡላኦስ ኮሙን ውስጥ ካሉት የጅቡቲ ከተማ ነባር ሠፈሮች አንዱ ነው። ከተማዪቱ ከወደቡ ተነሥታ ወደ ደቡብ ስትሰፋ በቍጥር የተጠሩ ሠፈሮች ተከታትለው ተመሠረቱ፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ ቍጥራቸው ሆኖ ቀርቷል። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከኢትዮጵያ የሚወርደው ሠራተኛና ነጋዴ ከሶማሌው፤ ከዐፋሩና ከዐረቡ ጋራ በእነዚህ ሠፈሮች ተጐራብቶ ኖሯል። ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶች የሳንቃ ግድግዳና የቈርቈሮ ጣራ ያላቸው፤ በአንድ ግቢ ዙሪያ የተጠጋጉ ናቸው። በሽተኛው ከፔልቲየ አጠቃላይ ሆስፒታል፤ ወላዲቱ ከዳር ኤል ሐናን፤ ሳንባ ነቀርሳ ያለበትም ከፖል ፎር ማእከል ሲመለሱ የሚገቡት ወደዚህ ዓይነት ቤት ነው። ስለዚህ በሰፊና በቀዝቃዛ ቤት ለሚኖር ሰው የተጻፈ ምክር ለእነርሱ ሙሉ በሙሉ አይጠቅማቸውም።

ወረቀቱን ስለ ማንበብ

የመጀመሪያው ችግር የቋንቋ ነው። ሐኪሙ የሚጽፈው ኦርዶናንስ በፈረንሳይኛ ነው፤ በቤቱ ውስጥ የሚነገረው ግን አማርኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ዐፋርኛ ወይም ዐረብኛ ነው። ጥቂት ቃላትን ማወቅ ከብዙ ስሕተት ያድናል። ኮምፕሪሜ ማለት ክኒን፤ ዤሉል ማለት ዱቄት የተሞላ ቀፎ ነው፤ ኪዬር ኣ ካፌ ማለት ትንሿ የሻይ ማንኪያ ስትሆን 5 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ኣቫን ረፓ ከምግብ በፊት፤ ኣፕሬ ረፓ ከምግብ በኋላ፤ ኣ ዠን በባዶ ሆድ ማለት ነው። ፓንስማን የቍስል ማሰሪያ መለወጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አማርኛ ተናጋሪውን የሚያሳስተው «ማተን» የሚለው ቃል ነው። ትርጕሙ ጧት ሆኖ ሳለ በፍጥነት ሲነገር ለጆሮ «ማታ» ይመስላል። ማታ በፈረንሳይኛ «ስዋር»፤ ቀትር «ሚዲ» ነው። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት በጧት፤ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት በማታ የተሰጠ እንደ ሆነ በሽተኛው ቀኑን ሲያንጐላጅ፤ ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል፤ በጨለማም ወደ መጸዳጃ ሲሄድ የሚወድቀው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። በወረቀቱ ላይ 8 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ 14 ከቀኑ 8 ሰዓት፤ 20 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የጧቱን 8 በአገሩ ልማድ ያነበበ አስታማሚ የመጀመሪያውን መድኃኒት 6 ሰዓት አዘግይቶ ይሰጣል። ለብዙ መድኃኒት ይህ ያን ያህል ላይከፋ ይችላል፤ ከምግብ ጋራ ተመጥኖ ለሚወጋ ኢንሱሊን ግን ብርቱ አደጋ ነው። የቀጠሮውም ቀን እንዲሁ ነው። 15/1 ተብሎ የተጻፈው በመደበኛው ዓመት ጥር 7 ቀን ነው፤ ጥር 15 መስሎት የቆየ ሰው የስፌቱን ክር ለማስወጣት 8 ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። የሆድ ስፌት ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን፤ የእግር ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወጣ ስለ ሆነ ክሩ ሥጋ ውስጥ ከቈየ ለማውጣት ይከብዳል፤ ምልክትም ይተዋል።

ሦስተኛው የመድኃኒት ስም መደራረብ ነው። በፋርማሲ የሚሸጡት ዶሊፕራንና ኤፈራልጋን ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ፓራሲታሞል ናቸው። ሐኪሙ አንዱን አዝዞለት ሳለ ጎረቤት ሁለተኛውን ይዞለት ቢመጣ በሽተኛው ሳያውቀው እጥፍ ይወስዳል። ለጤነኛ ጐልማሳ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ አይገባም፤ ለቀጫጫና ለደከመ፤ ጕበቱም ለታመመ ሰው መጠኑ ከዚህ ያነሰ መሆን አለበት። በውሃ ውስጥ የሚፈላው ዓይነት ደግሞ ሶዲየም ስላለበት ጨው ለተከለከለ የልብ በሽተኛ አይስማማውም።

ስለዚህ በሽተኛውን ሊያወጣ የሚሄደው ሰው ከሆስፒታሉ በር ሳይወጣ ወረቀቱን ለነርሷ መልሶ ማሳየትና በራሱ ቋንቋ መጻፍ ይገባዋል፤ ይኸውም የመድኃኒቱን ስም፤ ስንት ጊዜና በየትኛው ሰዓት እንደሚሰጥ፤ እስከ መቼ እንደሚቀጥል፤ ቍስሉ የት እንደሚታሰር፤ ምን ዓይነት ምልክት ቢታይ ፈጥኖ መመለስ እንደሚገባ ነው። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በጅቡቲ ዐርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተሰናበተ በሽተኛ እስከ እሑድ ድረስ የሚበቃ መድኃኒትና ንጹሕ ማሰሪያ መያዙን ማረጋገጥ ያስፈልገዋል።

ስለ ሙቀቱ

በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ ኻምሲን የሚባለው ደረቅና ትኵስ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በቈርቈሮ ጣራ ሥር ያለው ክፍል ከውጭው ይልቅ ይግላል። አልጋውን በግቢው ጥላ ሥር ማውጣት የሠፈሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ለበሽተኛም ቢሆን ትንኝ የሚከላከል አጐበር እስከ ተሰቀለለት ድረስ መልካም ነው። አጐበሩ ለጌጥ አይደለም። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የሚባለው በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባው የወባ ትንኝ በጅቡቲ የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 ነው፤ ከዚያም ወዲህ ወባ በከተማው እንደ ገና በርትቷል። ስለዚህ በየደጁ ያለው በርሜል ክዳን ይኑረው።

መድኃኒትም እንደ ሰው ይሞቀዋል። ብዙው ክኒን ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ የተሠራ ነው፤ ከቈርቈሮው አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ግን ከዚህ እጅግ የሚያልፍ ሙቀት ያገኘዋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ የተከፈተው እንደ ዓይነቱ ወደ አራት ሳምንት ያህል ከ30 ዲግሪ በታች ሊቈይ ይችላል፤ በረዶ ሊሆን ግን ፈጽሞ አይገባም። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት አንዱን ሸክላ በሌላው ትልቅ ሸክላ ውስጥ አግብቶ፤ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ፤ አሸዋውን በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ማጠጣት ይችላል። ውሃው በሚተንበት ጊዜ የውስጠኛው ሸክላ ይቀዘቅዛል። ይህ ዘዴ የሚሠራው በደረቁ ነፋስ ወቅት ነው፤ አየሩ እርጥበት በሚሞላበት በመስከረምና በግንቦት አካባቢ ውሃው በደንብ ስለማይተን ብዙ አይጠቅምም። በዚያን ጊዜ ማቀዝቀዣ ካለው ጎረቤት ወይም ሱቅ ዘንድ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ብልቃጡ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፍበት።

ስለ መጠጥ የሚሰጠው ምክር ለሁሉ አንድ አይደለም። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የወጣ ሰው በሙቀቱ ወራት ብዙ መጠጣት አለበት፤ ሽንቱ ጠቈር ብሎ ሲታይ ውሃ ጐድሎታል ማለት ነው። ልቡ ወይም ኵላሊቱ የታመመ ግን የሚጠጣው መጠን በሐኪም የተወሰነለት ሊሆን ይችላልና በቀን ስንት ሊትር እንደ ተፈቀደለት፤ በኻምሲንም ጊዜ ምን ያህል እንደሚጨመርለት አስቀድሞ ይጠየቅ። እንዲህ ያለው በሽተኛ በየጧቱ ሽንቱን ከሸና በኋላ ይመዘን፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ጨምሮ እንደ ሆነ ውሃ እየተጠራቀመበት ነውና ወደ ሐኪም ይሂድ። የከተማው የጕድጓድ ውሃ ጨዋማ መሆኑንም ጨው የተከለከለ ሰው አይርሳ። ተቅማጥ የያዘው ሰው በፋርማሲ የሚሸጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ቢጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ይሰጠው፤ ጨው ማብዛት ግን ይጐዳል።

ስለ ቍስልና ስለ እግር

ቍስል የሚመለከት ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቀላና ቆዳው የጋለ፤ መግል የያዘ፤ መጥፎ ሽታ ያለው፤ ዕለት ዕለት ሕመሙ የሚብስ ቍስል፤ ወይም 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኵሳት ከታየ እስከ ቀጠሮው ቀን መጠበቅ አይገባም። የቡና ዱቄት፤ ቅቤና ዐመድ በስፌት ላይ ማድረግ እናቶች በፍቅር የሚያደርጉት ነገር ቢሆንም ጀርም ያገባል።

ከዚህ የሚብሰው ግን በዓይን እምብዛም የማያስፈራው የእግር እብጠት ነው። ለብዙ ቀን የተኛ፤ በተለይም ሆዱን ወይም ዳሌውን የተቀደደ ሰው ደሙ በባቱ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። አንዱ ባት ከሌላው ይልቅ ያብጣል፤ ይሞቃል፤ ሲነኩት ያማል። በዚህ ጊዜ ወጌሻ ተጠርቶ በዘይት ማሸት የተለመደ ነው። የረጋው ደም በመታሸት ተነቅሎ ወደ ሳንባ የሄደ እንደ ሆነ በሽተኛው በድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ደረቱን ይወጋዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞትም ይችላል። ወጌሻ ለወለምታና ለውልቃት ያለው ጥበብ የታወቀ ነው፤ ከሆስፒታል የወጣን ሰው ያበጠ ባት ግን አይንካ። በሽተኛው ገና ሳያብጥ ከሐኪም በተፈቀደለት ቀን ጀምሮ ተደግፎ በግቢው ውስጥ በየጥቂት ሰዓቱ ቢራመድ ይህን አደጋ ይቀንሳል። ቤተ ሰቡ ጋር ለማገገም ወደ ድሬዳዋ በባቡር ለመመለስ የሚፈልግ ሠራተኛም ቍስሉ ሳይጠና ለብዙ ሰዓት መቀመጡ የሚያስከትለውን ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ከተፈቀደለትም በፉርጎው ውስጥ እየተነሣ ይራመድ።

ጄሶ የታሰረለት ሰው ጣቶቹ ቢበርዱ፤ ቢጠቍሩ፤ ቢደነዝዙ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ቢል ጄሶው ጠብቋልና ያው ዕለት ይመለስ፤ በቤት ግን አይፈታ።

ከአልጋ መነሣት የማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ። ጠፍር አልጋ ከሥሩ ነፋስ ስለሚያሳልፍ ለሙቀት ደግ ነው፤ ነገር ግን መካከሉ ስለሚረግብ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በወገቡ ላይ ያርፋል። ጠፍሩ ይጠብቅ፤ ወይም ከላዩ የተስተካከለ ፍራሽ ይነጠፍ። ተረከዝ፤ ዳሌና የጅራት አጥንት በየቀኑ ይታዩ፤ ቀልቶ ሲጫኑት የማይነጣ ቆዳ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ያን ቦታ ማሸት ቆዳውን ይገሽልጠዋል እንጂ አያድነውም።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው ሥርዐት 6 ወር ነው፤ በፊተኞቹ 2 ወር አራት ዓይነት፤ በኋለኞቹ 4 ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይሰጣል። ጥቂት ሳምንት እንደ ወሰደ ሳሉ ይቀንሳል፤ ምግብ ይጣፍጠዋል፤ ወዙም ይመለሳል። አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ደግሞ በዚሁ በደኅናው ቀን ነው። ያቋረጠው በሽታ ሲመለስ መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ይመጣል፤ ከቤቱም ለልጆቹ የሚያስተላልፈው ያንኑ የጠነከረውን ነው። ሽንቱ ብርቱካን ሲመስል ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት የሚያደርገው ነውና አይደንግጥ፤ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ለማእከሉ ይንገር። በሽተኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነፋስ በሚገባበት ቦታ ለብቻው ይተኛ፤ ሲያስል አፉን ይሸፍን። ዕቃውን መለየትና ከሰው ጋራ እንዳይበላ ማድረግ ግን አያስፈልግም፤ በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በሳሕን አይደለም።

በዚህ ላይ የጫት ነገር ይነሣል። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ቀትር ላይ ሲደርስ ጠያቂዎች ከበሽተኛው ዘንድ ማብራዝ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ክፍሉ በሲጋራ ጢስ ይሞላል። አሳባቸው በሽተኛውን ለማጫወት ነው። ጫት ግን ምግብ ያስጠላል፤ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ሆድ ያደርቃል፤ የደም ግፊትም ያስነሣል፤ በሽተኛው በዚያን ሰሞን የሚፈልገው የእነዚህን ሁሉ ተቃራኒ ነው። አጥሚት፤ ምስር፤ ዕንቍላል፤ በዚያ ከተማ በቅርብ የሚገኘው የተጠበሰ ዓሣ፤ የፈላ የግመል ወተት ከላሖ ጋራ ቢቀርብለት ቍስሉም ቶሎ ይሽራል። ወተቱ ሳይፈላ ቢጠጣ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ አስታማሚና ስለ ሠፈሩ

የሠፈሩ ሕዝብ በሽተኛን በቤት መጠበቅን አዲስ አድርጎ የሚማረው ነገር አይደለም። አራስ በምትታረስበት ቤት ይህ ሁሉ ይደረጋል፤ ከሥራ ታርፋለች፤ ገንፎዋና አጥሚቷ ተመጥኖ ይሰጣታል፤ ሴቶች ተራ ገብተው ያድሩላታል። ሶማሌዎችም አርባውን ቀን ቈጥረው አፈርታን ባሕ ብለው ያወጧታል። ለአራስ የሚደረገው ለልብ በሽተኛና ለተሰበረ ሰው የማይደረግበት ምክንያት የለም፤ ብቻ ልማዱ አልተዘረጋለትም። ስለ አራሷም ቢሆን አንድ ነገር ይጨመር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርቋን የሚያርስ ደም፤ ትኵሳት፤ ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን መፍዘዝ ጋራ ከታየባት አርባ ቀኗ አልሞላም ተብሎ ከቤት መዋል የለባትም።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ በሥርዐት የተጀመረበት ታሪክ አጭር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ዊልያም ራትቦን የሚባል የሊቨርፑል ነጋዴ ሚስቱን እስከ ሞቷ ያስታመመችለትን ነርስ ሜሪ ሮቢንሰንን የድኾችን በሽተኞች በየቤታቸው እንድትጠብቅ ለሦስት ወር ቀጠራት። ከመጀመሪያው ወር በኋላ የምታየውን ሥቃይ ልትችለው አቅቷት ልቀቁኝ ብላ ለመነች፤ ሆኖም ቀጠለች፤ ሥራው ያስገኘውን ጥቅም አይታ ከዚያ ወዲያ አልተወችውም። በኢትዮጵያ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንንን፤ የማኅበረ ሰብ ነርስንና የጽዳት ባለ ሙያን በአንድነት አሠልጥኖ ከሆስፒታል ውጭ ላለው ሕዝብ አሰማራ፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ሠራተኞቹን በየቀበሌው ወደ ቤት የሚገቡ አደረጋቸው።

ለሠፈር ሹማምንትና ለዕድር ዳኞች የሚቀርበው አሳብ ከዚህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ዕድር ሲሞቱ ለመቅበር የሚያወጣውን ድንኳንና ተራ፤ ሰው ሳይሞት በፊት ለሁለት ሳምንት የሌሊት ተራ ሊያውለው ይችላል። አስታማሚዋ ሳትተኛ ሦስት ሌሊት ካደረች በኋላ መድኃኒት ትሳሳታለች፤ ይህ የስንፍና ሳይሆን የሰውነት ድካም ነው። አንዲት ትኵሳት መለኪያ፤ አንድ የደም ግፊት መለኪያ፤ አንድ ምርኵዝና አንድ የአልጋ ሽንት ዕቃ በሠፈሩ ሹም ዘንድ ቢቀመጡና በደብተር እየተጻፉ ቢዘዋወሩ ብዙ ቤት ያገለግላሉ። ፈረንሳይኛ የተማሩ ወጣቶችም ኦርዶናንስ ለማንበብ በተራ ቢመደቡ ሥራው በቀን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ዘመድ የሌለው ሠራተኛ ነው። በወደቡ ጭነት የሚያወርደው፤ መኪና የሚነዳው፤ በሰው ቤት የምታገለግለው ከሆስፒታል ወጥተው የሚመለሱት ከአምስትና ከስድስት ሰው ጋራ በኪራይ ወደያዙት አንድ ክፍል ነው። ባልንጀሮቹ ጧት ሥራ ሲወጡ እርሱ በቈርቈሮው ሥር ብቻውን ይቀራል፤ እስከ ማታም ውሃ የሚያቀብለው አይኖርም። ወረቀት ባይኖረው እንኳ ሕመሙ የሚጠብቅለት ነገር የለምና ሰውየውን ማን እንደ ሆነ ከመጠየቅ በፊት በልቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ቤት አከራዪቱ ወይም በግቢው ውስጥ የምትውል ጎረቤት በቀን ሁለት ጊዜ፤ ይኸውም ከጧቱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፤ በሩን ከፍታ እንድታየው አስቀድሞ ትለመን፤ የአሠሪውም ስልክ ይያዝ። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ሰዓትና ሊጠራ የሚገባው ሰው ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት በበሩ ጀርባ ይሰቀል፤ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. እና በኅዳር 2012 ዓ.ም. እንደ ታየው የአምቡሊ ጎርፍ ድንገት ሊገባ ስለሚችል ወረቀቱም መድኃኒቱም ከወለሉ ከፍ ብለው በላስቲክ ተጠቅልለው ይቀመጡ።